ስለ መጋገሪያ ምድጃ ሙቀትና ስለ መለኪያዎቹ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ቤት አያያዝ በሰጠሁት ንግግር ውስጥ ስለ ዳቦ አጋገር አንድ ነገር ተናግሬ ነበር። «ምድጃውን በ350 አሙቃችሁ ሊጡን ለ40 ደቂቃ ጋግሩት» ነበር ያልሁት። ንግግሩን ያዘጋጀሁት ከአሜሪካ ከመጣ የወጥ ቤት መጽሐፍ ነው። ቁጥሩን ሳላዛባ ገልብጬዋለሁ፤ ነገር ግን በየትኛው መለኪያ እንደ ተቈጠረ መናገሩን ዘነጋሁት። የዛሬው ንግግሬ ይህንኑ ስሕተቴን ለማረም የተዘጋጀ ነው።

ስሕተቴን ያስታወቀኝ ከሐይቅ ከተማ የተጻፈልኝ አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፉልኝ በዕድሜ የገፉ፣ ዳቦ እየጋገሩ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናት ናቸው። በውጭ አገር የምትኖር ዘመዳቸው የላከችላቸው የኤሌክትሪክ ምድጃ አላቸው። ለጎረቤት ሰርግ ዐሥር ዳቦ ሊጋግሩ ቀብድ ተቀብለው ነበርና በሬዲዮ የሰሙትን ሊሠሩበት ተነሡ። የምድጃቸው ማዞሪያ ግን የሚያበቃው በ250 ነው። «350 ያሉትን ባጣው ጊዜ እስከ መጨረሻው አዞርሁት» ይላል ደብዳቤው። የሆነውን እናንተም ሳትገምቱት አትቀሩም። የመጀመሪያዎቹ አራት ዳቦዎች ከውጭ ከሰል መሰሉ፤ ከውስጥ ሊጥ ሆነው ቀሩ። የተረፈው ሊጥ መላ እስኪገኝለት ድረስ ኮመጠጠ። ሴትዮዋ ቀብዱን መለሱ፤ የዱቄቱም ዋጋ ከእጃቸው ወጥቶ ቀረ። ደብዳቤያቸውን የዘጉት እንዲህ በማለት ነው፦ «እርስዎ የተማሩ ሰው ስለ ሆኑ ይሳሳታሉ ብዬ ስላልጠረጠርሁ ምድጃውን ጠላሁት። እውነቱን ይንገሩኝና ወይ ምድጃውን እሸጣለሁ፤ ወይ እርስዎን መስማት እተዋለሁ።»

ይህንን ካነበብሁ በኋላ በደብዳቤ ብቻ ይቅርታ መጠየቁ አላረካኝም። ሐይቅና አምባሰል ዘመዶቼ የሚኖሩበት አገር ነው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን በተቀበልሁ ጊዜ አንድ የምድጃ ቴርሞሜትር ገዝቼ በደሴ በኩል ወደ ሐይቅ ወረድሁ። እዚያ ያየሁትንና ከዚያ የተማርሁትን እንደሚከተለው አቀርብላችኋለሁ።

አስቀድሜ ስለ መለኪያዎቹ ጥቂት ልናገር። በወጥ ቤት መጻሕፍት የሚገኙት የሙቀት መለኪያዎች በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው ፋራናይት ይባላል። ይህንን መለኪያ ዳንኤል ገብርኤል ፋራናይት የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1724 በጽሑፍ ገለጠው። በእርሱ አቈጣጠር ውሃ በ32 ዲግሪ በረዶ ይሆናል፤ በባሕር ጠረፍ ደግሞ በ212 ዲግሪ ይፈላል። የአሜሪካ መጻሕፍትና የአሜሪካ ምድጃዎች እስከ ዛሬ በዚሁ ይቈጥራሉ። ሁለተኛው መለኪያ ሴልሺየስ ነው። ይህ አንደርስ ሴልሺየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1742 ካቀረበው የመጣ ሲሆን፣ በዛሬው አሠራሩ ውሃ በ0 ዲግሪ በረዶ ይሆናል፤ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በአገራችን ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቶች የሚሠራበትም ይኸው ነው። የሚያስገርመው ነገር፣ ሴልሺየስ ራሱ በመጀመሪያ የቈጠረው ገልብጦ ነበር፤ የሚፈላውን ውሃ 0፣ በረዶውን 100 ብሎት ነበር። በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ገለበጡት። አቈጣጠሩ እንደ ቀድሞው ቢቀር ኖሮ፣ ምድጃ በጋለ ቁጥር አኀዙ እያነሰ በሄደ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው መለኪያ ሰዎች የሚስማሙበት ውል ነው። እሳቱ ግን ውሉን አያውቅም።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በየመሥሪያ ቤቱ የምንሠራ ሁላችን ከውጭ አገር የመጣውን ደብዳቤ በምንመዘግብበት ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እናስተካክላለን። ጧት በ2 ሰዓት ሥራ እንገባለን፤ የውጭ አገር እንግዳ ግን ይህንኑ ሰዓት 8 ይለዋል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይባል የተጻፈ ዓመት በመዝገብ ቤት ምን ያህል ሁከት እንደሚያመጣ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። የምድጃ ሙቀትም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የተሳሳተው ዓመት በእርሳስ ሲታረም፣ ያረረው ዳቦ አለመታረሙ ነው።

እንግዲህ ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው እንዴት እንሻገራለን? ትክክለኛው ሒሳብ እንዲህ ነው። ከፋራናይት ወደ ሴልሺየስ ለመለወጥ 32 ቀንሱ፣ የቀረውን በ5 አባዙ፣ ከዚያ ለ9 አካፍሉ። ነገር ግን እጁ ሊጥ የነካ ሰው እርሳስና ወረቀት ስለማይመቸው በቃል የሚሠራ ቀላል ዘዴ አለ። 32 ቀንሱ፤ የቀረውን ለሁለት ክፈሉ፤ በግማሹ ላይ የግማሹን ዐሥረኛ ጨምሩ። ለምሳሌ እኔ የተናገርሁትን 350 እንውሰድ። 32 ሲቀነስ 318 ይሆናል፤ ግማሹ 159 ነው፤ ዐሥረኛው 16 ያህል ስለ ሆነ ሲጨመር 175 ይመጣል። ትክክለኛው 177 ነውና ለዳቦ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም። ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት ለመመለስ ደግሞ ቁጥሩን እጥፍ አድርጉ፤ ከእጥፉ ዐሥረኛውን ቀንሱ፤ 32 ጨምሩ። 180 እጥፉ 360፣ ዐሥረኛው 36 ሲቀነስ 324፣ 32 ሲጨመር 356 ይሆናል። ይህኛው ምንም ሳያጐድል ትክክል ነው።

ሦስተኛ ዓይነት አቈጣጠር ደግሞ አለ። የእንግሊዝ አገር የጋዝ ምድጃዎች ዲግሪ አይጽፉም፤ ከ1 እስከ 9 የሚደርስ ቁጥር ብቻ አላቸው። ይህን ወደ ፋራናይት ለመለወጥ ቁጥሩን በ25 አባዝታችሁ 250 ጨምሩበት። ቁጥር 4 ቢሆን 100 ሲደመር 250፣ 350 ፋራናይት ይሆናል። የፈረንሳይ መጻሕፍትም የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ እርሱን በ30 ብታባዙት ሴልሺየሱን በግምት ይሰጣችኋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ያው «4» የተባለው ቁጥር በእንግሊዙ 175 ሴልሺየስ ያህል ሲሆን፣ በፈረንሳዩ 120 ብቻ ነው። በአንዱ ዳቦ ይበስላል፤ በሌላው እንደሚገባ አይበስልም። ከዚህም በቀር በየገበያው ያሉ ብዙ ርካሽ ምድጃዎች ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ከማንኛውም መለኪያ ጋር የማይስማሙ ናቸው፤ እነርሱን የሚያስተካክላቸው ፈተና ብቻ ነው።

ይህንን ሠንጠረዥ ቈርጣችሁ በወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ይጠቅማችኋል። ሴልሺየሱ ለአጠራር እንዲመች የተጠጋጋ ነው።

250 ፋራናይት፣ 120 ሴልሺየስ፣ የእንግሊዝ ጋዝ ቁጥር ግማሽ
300 ፋራናይት፣ 150 ሴልሺየስ፣ ጋዝ ቁጥር 2
325 ፋራናይት፣ 165 ሴልሺየስ፣ ጋዝ ቁጥር 3
350 ፋራናይት፣ 175 ሴልሺየስ፣ ጋዝ ቁጥር 4
375 ፋራናይት፣ 190 ሴልሺየስ፣ ጋዝ ቁጥር 5
400 ፋራናይት፣ 205 ሴልሺየስ፣ ጋዝ ቁጥር 6
425 ፋራናይት፣ 220 ሴልሺየስ፣ ጋዝ ቁጥር 7
450 ፋራናይት፣ 230 ሴልሺየስ፣ ጋዝ ቁጥር 8

አሁን ወደ ሐይቅ እንመለስ። ሴትዮዋን ከቤታቸው አገኘኋቸው። ማንነቴን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ይግቡ፤ ምድጃውም እርስዎም አንድ ላይ ትጠየቃላችሁ» አሉኝ። ምድጃው በማብሰያ ቤቱ ጥግ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። በማዞሪያው ዙሪያ ከ50 እስከ 250 ተጽፎበታል፤ በጎኑም የማራገቢያ ምልክት አለበት። 250 ላይ የሚያበቃ ማዞሪያ ያለ ጥርጥር የሴልሺየስ ነው። የፋራናይት ቢሆን ኖሮ ወደ 500 ይደርስ ነበር። ስለዚህ እርሳቸው 177 በቂ በሆነበት ቦታ እስከ 250 አዙረውት ነበር ማለት ነው።

በመጀመሪያ ማዞሪያው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ በስኳር ፈተንነው። ይህ ፈተና ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ሁሉ የሚሆን ነው። የተለመደው ነጭ ስኳር የሚቀልጠው በ186 ሴልሺየስ ገደማ ነው። ስለዚህ ምድጃው በ175 በደንብ ከሞቀ በኋላ አንድ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ሳሕን አድርጋችሁ 15 ደቂቃ አቈዩት። መቅለጥ የለበትም። ከዚያም ወደ 190 አድርሳችሁ፣ ሌላ ስኳር እንዲሁ 15 ደቂቃ አቈዩት። አሁን መቅለጥ አለበት። በ175 ከቀለጠ ምድጃችሁ ከሚናገረው በላይ ይግላል፤ በ190 ካልቀለጠ ደግሞ ከሚናገረው በታች ነው። የሐይቁ ምድጃ ሁለቱንም ፈተና አለፈ። ሴትዮዋም ምድጃውን እንደ ሰው እያዩ «ለካ ያለ ጥፋትህ ነው የተሸፈንኸው» አሉት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ከዚህ በላይ የገለጠልኝ ቃል የለም።

ቀጥለን ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውሃ ውስጥ አደረግነው። 93 አሳየ። ሴትዮዋ ተመለከቱትና «ውሃ በ100 ይፈላል ብለው አልነበረም? ይህም እንደ እርስዎ አንዳች ነገር ሳይዘነጋ አልቀረም» አሉኝ። ቴርሞሜትሩ ግን አልተሳሳተም። የሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ቀድሞ ይፈላል። በደሴና በአዲስ አበባ ከዚህም ዝቅ ብሎ በ92 ገደማ ይፈላል። በአምባሰል ተራሮች ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ያገኛል።

ይህ ለዳቦ ጋጋሪ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ብዙ የውጭ አገር መጻሕፍት የተጻፉት ለቈላና ለባሕር ጠረፍ ነው። በእነዚህ ውስጥ «የዳቦው መኻል 98 ሴልሺየስ ሲደርስ በስሏል» የሚል ይገኛል። በሐይቅ ግን የዳቦው መኻል ውሃ እያለበት ከ93 ሊያልፍ አይችልም፤ 98 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ዳቦውን ያደርቀዋል። በ90 ገደማ በቂ ነው። ሊጡም በደጋ ቶሎ ይነሣል፤ ስለዚህ እርሾውን ጥቂት መቀነስ፣ ምድጃውን ደግሞ ከ8 እስከ 14 ሴልሺየስ ያህል ከፍ ማድረግና ከመጽሐፉ ደቂቃ ቀደም ብሎ መመልከት ይገባል።

ሌላው ልዩነት የምድጃው ዓይነት ነው። ማራገቢያ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ትኩሱን አየር እያዞረ ሊጡን ስለሚመታው ባነሰ ሙቀት ያበስላል። ስለዚህ ለተራ ምድጃ ከተጻፈው ቁጥር 20 ሴልሺየስ መቀነስ ልማድ ነው። ማራገቢያ በሌለው ምድጃ ከላይና ከታች ያለው እሳት በቀጥታ ይሠራል፤ ዳቦውም በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በብዙ የጋዝ ምድጃ እሳቱ ከታች ነው፤ ትኩስ አየርም ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው መደርደሪያ ከታችኛው ይልቅ ይግላል። በእንጨት የሚሠራው የዳቦ ቤት ፉርኖ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። አስቀድሞ ይነድድና ፍሙ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ግድግዳው የያዘውን ሙቀት ቀስ በቀስ ይሰጣል። ስለዚህ በእርሱ መጀመሪያ ኃይለኛ ሙቀት የሚፈልገው ዳቦ ይገባል፤ ለስለስ ያለውን የሚወድደው ኬክና ብስኩት በኋላ ይከተላል።

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ ትንንሽ ምድጃዎች ለ120 ቮልት የተሠሩ ስለ ሆኑ በቀጥታ ቢሰኩ ይቃጠላሉ፤ አደጋም ያመጣሉ። ሰው ሁሉ በሚያበስልበት በምሽት ጊዜ ደግሞ ኃይሉ ይደክማል። 220 የነበረው 200 ቢሆን የምድጃው የማሞቅ ኃይል ከመቶው ወደ 83 ይወርዳል። ይህ ሲሆን ምድጃው ወደ ተፈለገው ሙቀት ለመድረስ ይዘገያል እንጂ ቁጥሩ አይለወጥም። ስለዚህ ሰዓት ቈጥራችሁ ሳይሆን የማሞቂያው መብራት መጥፋቱን አይታችሁ ሊጡን አግቡ።

ይህንን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ ከሴትዮዋ ጋር ሒሳቡን አብረን ሠራን። 350 ፋራናይት 175 ሴልሺየስ ሆነ። ስለ ማራገቢያው 20 ቀነስን፤ 155 ሆነ። ስለ ደጋው 10 ጨመርን፤ 165 ሆነ። ማዞሪያውን በዚያ ላይ አቁመን፣ 30 ደቂቃ ሲሆን ልናይ ተስማማን።

ዳቦው እስኪበስል ድረስ ሴትዮዋ ያወጉኝ ነገር ለእኔ አዲስ ትምህርት ነበር። «ምጣዴ ቁጥር የለውም» አሉኝ። «ውሃ ጠብ አድርጌ ድምፁን እሰማለሁ፤ አስሼ ጭሱን አያለሁ። ድፎ ስጋግርም ኮባውን አንጥፌ፣ ከታች እሳት፣ በክዳኑ ላይ ፍም አደርጋለሁ። ፍሙ በዛ ሲል በአመድ አለብሰዋለሁ። ይህንን ለልጄ ስነግራት ግን ‹በየትኛው ምጣድ? በምን እንጨት?› ትለኛለች። እኔም እነግራታለሁ። እርስዎ ቁጥሩን ብቻ ነግረውኝ ሄዱ።» በእውነትም አያቶቻችን ከላይና ከታች የሚሠራውን እሳት የፋብሪካ ምድጃ ሳይመጣ ያውቁት ነበር። ሌላው ሰው የምጣዱንና የማገዶውን ዓይነት ሳይነገረው ልምዳቸውን ሊሠራበት እንደማይችልም አልጠፋቸውም።

በ30ኛው ደቂቃ ምድጃውን ከፈትነው። ዳቦው ቀላ ብሏል፤ ታችኛው ፊቱ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። አምስት ደቂቃ ጨምረንለት አወጣነው። ቴርሞሜትሩ በመኻሉ 91 አነበበ። ተቈርሶ ሲታይ በሚገባ በስሏል። ከዚያን ቀን በፊት «እርስዎ» ሲሉኝ የነበሩት እናት «ብላ ልጄ፤ አሁን ታርቀናል» አሉኝ።

በማግሥቱ ዘመዶቼን ለመጠየቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ወደ አምባሰል ወጣሁና ውጫሌ ደረስሁ። እንደምታውቁት በዚህ ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። የውሉ 17ኛ ክፍል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት እርዳታ መጠቀም ይችላሉ የሚል ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ወረቀት በሁለት መለኪያ ተነበበ። ከዚያ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ አደረሰ። የእኔን ያረረ ዳቦ ከዚህ ታላቅ ጉዳይ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ያውም የእኔ መዘንጋት ነበር። ነገር ግን የውጫሌን ምድር ረግጦ አንድን ቃል ወይም አንድን ቁጥር ወደ ሌላ በምንመልስበት ጊዜ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ አለማሰብ አይቻልም።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ ከዚህ በኋላ የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። የዳቦ ወይም የኬክ አሠራር ለዘመድ ስትጽፉ፣ ከውጭ አገርም ሲላክላችሁ፣ ከቁጥሩ አጠገብ «ሴ» ወይም «ፋ» ጻፉበት። ምድጃው ማራገቢያ ያለው መሆኑንና አለመሆኑን ጨምሩ። አሠራሩ ከየት አገር እንደ መጣም አመልክቱ። ከ250 የሚበልጥ ቁጥር ስታገኙ አብዛኛውን ጊዜ ፋራናይት መሆኑን ጠርጥሩ። አዲስ ምድጃ ስትገዙም ለሰርግ ወይም ለዓመት በዓል ከማዋላችሁ በፊት በአንድ ማንኪያ ስኳርና በአንድ ትንሽ ዳቦ ፈትኑት።

ከሐይቅ ስመለስ ሴትዮዋ አንድ ዳቦ በነጠላ ጠቅልለው «ለመሥሪያ ቤት ጓደኞችህ አቅምሳቸው፤ ስንት ዲግሪ እንደ ሆነም ሳትረሳ ንገራቸው» ብለው ሰጡኝ። በምድጃቸው ማዞሪያ አጠገብ የቁስል ፕላስተር ለጥፈው፣ በላዩ በትልቁ «ሴ» ብለው ጽፈውበታል። እኔም ቃሌን ለመጠበቅ ያህል፣ ዳቦው የተጋገረው ማራገቢያ ባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በሐይቅ ከተማ፣ በ165 ሴልሺየስ፣ ለ35 ደቂቃ መሆኑን አስታውቃለሁ።

ደኅና ሰንብቱ።